ሙሴ ብሎንዲን፤ የናያጋራን ሸለቆ በገመድ ላይ የተሻገረው ሰው

በ2008 ዓ.ም. ጄምስ ማርሽ የተባለው እንግሊዛዊ የፊልም አዘጋጅ ማን ኦን ዋየር የሚባለውን ዶክመንታሪ ፊልም ለሕዝብ አቅርቦ፣ በሚከተለው ዓመት የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስቡልን እንለምናለን።) ፊልሙ የሚናገረው ፊሊፕ ፔቲ ስለ ተባለው ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው ኦገስት 7 ቀን 1974 ዓ.ም. ማለዳ በኒው ዮርክ ከተማ ከመንትያዎቹ ሕንፃዎች ከአንደኛው ጣራ ወደ ሁለተኛው የብረት ገመድ ወጥሮ፣ ከመሬት ከ400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ ፖሊሶች ጣራው ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ፊልሙን ያየን ሰዎች የማንረሳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰውዬው በሕንፃዎቹ መካከል ሲራመድ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በውስጡ አለመኖሩ ነው። በዚያ ቀን እንዲህ ያለ ሥዕል ስላልተነሣ፣ አዘጋጁ ታሪኩን የገጣጠመው በፎቶግራፎችና በጓደኞቹ ትዝታ ነው።

እኛ ግን ዛሬ ልናወጋ ያሰብነው ስለ ፔቲ አይደለም። ከእርሱ 115 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሲኒማ የሚባል ነገር ገና ሳይፈጠር፣ አሜሪካና ካናዳ በሚዋሰኑበት በናያጋራ ወንዝ ላይ እንደዚሁ በገመድ ተሻግሮ የዓለምን ሕዝብ ስላስደነገጠው ስለ ሌላው ፈረንሳዊ ነው። የዚህ ሰው ሥራ በፎቶግራፍ ብቻ ቀርቶልናል። ዊልያም ኢንግላንድ የተባለው የለንደን ፎቶግራፍ አንሺ በ1859 ዓ.ም. ያነሣው ሥዕል በብዙ አገር ተሸጦ በየቤቱ ይታይ ነበር። በሥዕሉ ላይ ሰውዬው ከገመዱ ላይ እንደ ተቀመጠች ወፍ ያህል ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው።

ስሙ ዣን ፍራንስዋ ግራቭሌ ነው። የተወለደው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኤስዳን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1824 ዓ.ም. ነበር። ብሎንዲን የሚለው ስም በኋላ የወጣለት ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ ጠጕሩ ወርቃማ የሆነውን ሰው የሚያመለክት ነው። ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ሊዮን ከተማ ወደሚገኝ የአካል እንቅስቃሴ ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያም ስድስት ወር ያህል እንደ ተማረ ትንሹ ተአምር በሚል ስም በሕዝብ ፊት ወጥቶ ጨዋታውን አሳየ። ሌሎች ልጆች ፊደል በሚቈጥሩበት ዕድሜ እርሱ በገመድ ላይ መቆም ተማረ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ገመድ ለእርሱ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ሰዎች በኋላ ድፍረቱን ሲያደንቁ፣ ከድፍረቱ በስተጀርባ የነበረውን የሠላሳ ዓመት ልምምድ እየዘነጉ ነበር ብለን እንገምታለን።

በ1850ዎቹ ዓመታት ራቬል ከሚባለው የታወቀ የቴያትርና የአክሮባት ቤተ ሰብ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በልዩ ልዩ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲሠራ ኑሮው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከብዙ አክሮባቶች እንደ አንዱ እንጂ እንደ ልዩ ሰው የሚቈጥረው አልነበረም። ይህ የተለወጠው በ1858 ዓ.ም. ናያጋራን ባየ ጊዜ ነው። ሌላው መንገደኛ የፏፏቴውን ግርማ አይቶ ተደንቆ ሲመለስ፣ ብሎንዲን ግን ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ምን ያህል ገመድ እንደሚያስፈልግ በዓይኑ ሲለካ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማቅናት ያስፈልገናል። ብሎንዲን የተሻገረው በፏፏቴው አናት ላይ አይደለም። መጀመሪያ ጎት አይላንድ ከምትባለው በፏፏቴዎቹ መካከል ከምትገኝ ደሴት ሊነሣ አስቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ የደሴቲቱ ባለቤቶች ፈቃድ ከለከሉት። ስለዚህ ገመዱን የዘረጋው ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ወንዙ በገደል መካከል በሚፈስበት በሸለቆው ላይ ነው። ከፏፏቴው በላይ በቀጥታ የተሻገረው በ2012 ዓ.ም. ኒክ ዋሌንዳ የተባለው አሜሪካዊ ሲሆን፣ እርሱም የቴሌቪዥኑ ኩባንያ አስገድዶት መጠበቂያ ማሰሪያ በወገቡ ታጥቆ ነበር። ብሎንዲን ማሰሪያም ሆነ ከሥሩ የሚዘረጋ መረብ አልነበረውም። መረብ ለመውደቅ መዘጋጀት ነው፤ ለመውደቅ የተዘጋጀም ይወድቃል የሚል እምነት ነበረው ይባላል።

የገመዱ ዝርጋታ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር። ርዝመቱ ከ330 ሜትር በላይ የሆነ፣ ውፍረቱ ግን ከጥቂት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ከጭረት የተገመደ ነበር። መጀመሪያ ቀጭን ገመድ በጀልባ ወደ ማዶ ተወሰደ፤ ከዚያ ዋናው ገመድ ከቀጭኑ ጫፍ ጋር ታስሮ በመዘውር ተጐተተ። ረጅም ገመድ የቱንም ያህል ቢወጠር በራሱ ክብደት መካከሉ ላይ መርገቡ አይቀርም፤ የብሎንዲንም ገመድ ከዳሩ ይልቅ መካከሉ 15 ሜትር ያህል ዝቅ ይል ነበር። እንግዲህ ሰውዬው እስከ መካከል ቍልቍለት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማዶ ዳገት ይወጣል። ገመዱ በንፋስ እንዳይወዛወዝ ከግራና ከቀኝ እንደ ድንኳን አውታር ሌሎች ገመዶች እየታሰሩ ወደ ገደሉ ዳርና ዳር ተወጠሩ። ከሩቅ ለሚያየው የሸረሪት ድር ይመስል ነበር። ዳሩ ግን በመካከለኛው ክፍል አውታር ሊደርስ ስለማይችል፣ ያ ቦታ እንደ ልቡ የሚወዛወዝ ሆኖ ቀረ። ከሥሩ 50 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የናያጋራ ወንዝ ይጮኻል።

ጋዜጦቹ በጉዳዩ ተከፋፈሉ። አንዳንዶቹ ነገሩ ማታለያ ነው፣ ሰውዬው አይሞክረውም አሉ። ሌሎቹም እንዲህ ያለውን ዕብደት መንግሥት ሊከለክል ይገባል ብለው ጻፉ። የባቡር ኩባንያዎችና የሆቴል ቤቶች ግን ሳይከፋፈሉ በአንድ ልብ ተዘጋጁ። ጁን 30 ቀን 1859 ዓ.ም. በሁለቱም ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ እስከ 25,000 ይደርስ እንደ ነበር ተጽፏል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብዙዎቹ ገንዘብ አስይዘው ይወራረዱ ነበር፤ የውርርዱም ጉዳይ ይሻገራል ወይስ ይወድቃል የሚል ነው። አንድ ሰው በሌላው ሰው ሕይወት ላይ ገንዘብ ሲያስይዝ፣ ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት አያስቸግርም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ብሎንዲን ከአሜሪካ በኩል ተነሣ። አጭር ቁመት ያለው፣ ቀላል ሰውነት ያለው ሰው ነበር። ከገላው ጋር የተጣበቀ፣ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ያለበት ልብስ ለብሶ፣ ሶሉ ስስ የሆነ የቆዳ ጫማ ተጫምቶ፣ በእጁ 8 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ክብደቱም ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ የእንጨት ዘንግ ይዞ ነበር። ስለዚህ ዘንግ ጥቂት እንበል። ብዙ ሰው ዘንጉ ሸክም ይመስለዋል፤ ነገር ግን የገመድ ተራማጅ ሕይወት ያለው በዘንጉ ውስጥ ነው። ረጅምና ከባድ ነገር በቶሎ አይሽከረከርም። ሰውነቱ ወደ አንድ ጐን ሲያጋድል፣ ዘንጉ መገልበጡን አዘግይቶ ለእግሩ መስተካከያ ጊዜ ይሰጠዋል። የዘንጉ ጫፎች በክብደታቸው ወደ ታች ሲጐብጡም የሰውዬውን ክብደት ወደ ገመዱ ያቀርቡታል። ብሎንዲን ይህን የተማረው ከፊዚክስ መጽሐፍ ሳይሆን ከእግሩ ነው።

መካከል ላይ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ያልጠበቀውን ነገር አደረገ። ረጋ ብሎ ገመዱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያም ቀጭን ገመድ ወደ ታች ለቆ፣ ሜይድ ኦፍ ዘ ሚስት ከተባለችው የጐብኚዎች መርከብ ጠርሙስ አስልኮ ወደ ላይ ሳበና ጠጣ። ከተነሣ በኋላ ዳገቱን በፍጥነት ወጥቶ ካናዳ ደረሰ። ጥቂት ካረፈ በኋላ ሲመለስ ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሻ በጀርባው ተሸክሞ ነበር። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሻ በኪስ የሚያዝ ዕቃ ሳይሆን ሣጥን ነበር። ገመዱ ላይ ቆሞ ዘንጉን ካሰረ በኋላ መሣሪያውን አውርዶ ሕዝቡን ፎቶግራፍ አነሣ፤ እንደገናም ተሸክሞ መንገዱን ቀጠለ። ሊያዩት የመጡትን ሰዎች እርሱ አያቸው ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ እየከበደ ሄደ። ተመልካች አንድ ጊዜ ያየውን ሁለተኛ ጊዜ ለማየት ባቡር አይሳፈርም፤ ስለዚህ ብሎንዲን በየጊዜው አዲስ አደጋ ፈልጎ ማምጣት ግዴታው ሆነ። ወደ ኋላ እየሄደ ተሻገረ። ዓይኑን ተሸፍኖ ተሻገረ። ጆንያ ለብሶ፣ ካሪዮላ እየገፋ፣ በሌሊት፣ እጅና እግሩን በሰንሰለት ታስሮ ተሻገረ። አንድ ቀን ምድጃ ተሸክሞ ሄዶ መካከል ላይ እሳት አነደደና እንቁላል ጠበሰ፤ የጠበሰውንም በገመድ አውርዶ ከታች በመርከብ ላሉት መንገደኞች ሰጣቸው። ሌላ ቀን ጠረጴዛና ወንበር ይዞ ገመዱ ላይ ሊቀመጥ ሲሞክር ወንበሩ ተንሸራቶ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ እርሱም ሊከተለው ምንም አልቀረውም ነበር። ሚዛኑን መልሶ ካገኘ በኋላ ግን ገመዱ ላይ ተቀምጦ ኬኩን በላ።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን በኦገስት ወር 1859 ዓ.ም. የሠራው ሥራ ነው፤ በዚያን ቀን ሥራ አስኪያጁን ሃሪ ኮልኮርድን አዝሎ ተሻገረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአደጋ ያቀረበው የራሱን ነፍስ ብቻ ነበር። ኮልኮርድ አክሮባት አይደለም፤ ሥራው ማስታወቂያ መለጠፍና ሒሳብ መያዝ ነው። ገመድ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ብሎንዲን ከመነሣታቸው በፊት አጥብቆ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ኮልኮርድ ራሱን እንደ ሌላ ሰው ሳይሆን እንደ ብሎንዲን አካል እንዲቈጥር፣ ብሎንዲን ሲያጋድል አብሮ እንዲያጋድል፣ ሚዛን ለመጠበቅ ግን በራሱ በኩል አንዳች እንዳይሞክር ነው። ይህ ለመናገር ቀላል ነው። ሰው ሊወድቅ ሲል ሰውነቱ ሳያማክረው ይፈራገጣል፤ ኮልኮርድ የተጠየቀው ይህን ተፈጥሮ እንዲተው ነበር።

ኮልኮርድ ኋላ እንደ ተረከው፣ በመንገድ ላይ ብሎንዲን እየደከመ ብዙ ጊዜ እንዲወርድለት ጠይቆታል። መውረድ ማለት ከሰውዬው ጀርባ ተንሸራቶ፣ በትከሻው ተይዞ፣ በዚያች ቀጭን ገመድ ላይ በራስ እግር መቆም ነው፤ ቀጥሎም እንደገና መታዘል አለ። አውታር የሌለበትን መካከለኛውን ክፍል አልፈው፣ ብሎንዲን የመጀመሪያውን አውታር ቋጠሮ ለመርገጥ በደረሰ ጊዜ፣ አውታሩ ተበጠሰ። ገመዱ በኀይል ወደ ጐን ተወረወረ። ብሎንዲን አልቆመም፤ ቢቆም ሁለቱም በወደቁ ነበር። እስከ ሚቀጥለው አውታር ድረስ ሮጠ፤ እዚያ ሲደርስ ኮልኮርድ እንዲወርድ ነገረው፤ ትንፋሹንም ሰበሰበ። አውታሩን ከተወራራጆች አንዱ ሆን ብሎ ቈርጦታል የሚል ወሬ ያን ጊዜ ተሰምቷል። እውነት ቢሆን፣ የዚያ ሰው ገንዘብ የተያዘው በመውደቃቸው ላይ ነበር ማለት ነው።

ዳር ሲቃረቡ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ሕዝቡ እየተገፋፋ እስከ ገደሉ አፋፍ ስለ መጣ፣ የሚቀበላቸው እጅ መልሶ ወደ ገደሉ ሊገፋቸው ይችል ነበር። ብሎንዲን ኮልኮርድን እንዳዘለ በሩጫ ሕዝቡ መካከል ዘሎ ገባ። የጭብጨባው ድምፅ ትልቅ እንደ ነበር ይነገራል። ኮልኮርድ በዚያ ሰዓት ጭብጨባውን ይሰማ ነበር ወይ ብንል፣ እንጠራጠራለን።

በሚከተለው ዓመት ብሎንዲን ተወዳዳሪ አገኘ። ዊልያም ሃንት የተባለው በካናዳ ያደገ ወጣት፣ ፋሪኒ የሚል የኢጣልያ ስም አውጥቶ ሌላ ገመድ በሸለቆው ላይ ዘረጋ። ብሎንዲን የሠራውን ሁሉ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ ብዙውንም ሠራ። ብሎንዲን ምድጃ ተሸክሞ ስለ ነበረ ፋሪኒ የልብስ ማጠቢያ መኪና ተሸክሞ ሄደ፤ ውሃ ከወንዙ ቀድቶም የወይዛዝርቱን መሐረብ አጠበ። በዚሁ በ1860 ዓ.ም. ሴፕቴምበር ወር የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ፣ ኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የተባሉት፣ ካናዳን ሲጐበኙ ብሎንዲን ሰው አዝሎ ሲሻገር ተመለከቱ። እርሳቸውንም እንዲያሻግራቸው ብሎንዲን ጠይቋቸው ነበር፣ ልዑልነታቸው ግን ግብዣውን አልተቀበሉም ተብሎ ይነገራል። ጥሩ አድርገዋል።

በ1861 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄዶ፣ ከብረትና ከመስተዋት በተሠራው በክሪስታል ፓላስ አዳራሽ ውስጥ፣ ከወለሉ 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተዘረጋ ገመድ ላይ ጨዋታውን አሳየ። ረጃጅም የእንጨት እግሮች ተጫምቶ በአየር ላይ ይገለበጥ ነበር። ሕዝቡ ወደደው፤ ክፍያውም እንደዚያው ከፍ ያለ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን አዴል የተባለችውን የአምስት ዓመት ልጁን በካሪዮላ አስቀምጦ በገመዱ ላይ ገፋት። ሕፃኗ ወደ ታች አበባ ትበትን ነበር። ተመልካቹ ከማድነቅ ይልቅ ደነገጠ፤ የእንግሊዝ የአገር ግዛት ሚኒስትርም ይህ ሥራ እንዳይደገም ከለከሉ። ብሎንዲን ራሱ በአምስት ዓመቱ ለሕዝብ ፊት የቀረበ ሰው ስለ ሆነ፣ ነገሩ እርሱን እንዳላስደነቀው እንረዳለን። ዳሩ ግን እኛም ብንሆን ከሚኒስትሩ ጋር ነን። ኮልኮርድ ጀርባው ላይ የወጣው ወድዶ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ወድዳ ገባች አይባልም።

የብሎንዲን ሕይወት ሌላም ጥቁር ነጥብ አለበት። በ1860ዎቹ መጀመሪያ በአይርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ሲሠራ ገመዱ ተበጥሶ የተደገፈበት ርብራብ ፈረሰ። እርሱ አንዳች አልሆነም፤ ርብራቡ ላይ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ግን ወድቀው ሞቱ። በምርመራው በብሎንዲን ላይ ጥፋት ባይገኝበትም፣ የሞቱት ሰዎች የጭብጨባውም የገንዘቡም ተካፋዮች አልነበሩም። በየአገሩም የእርሱን ፈለግ የተከተሉ ብዙዎች ተነሡ። በ1863 ዓ.ም. የሴቶች ብሎንዲን ተብላ የምትጠራ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በበርሚንግሃም ከተማ አስተን በተባለው መናፈሻ ገመዱ ተበጥሶባት ወድቃ ሞተች። ንግሥት ቪክቶሪያ ይህን ሰምተው ለከተማው ሹም የቁጣ ደብዳቤ አስጻፉ። በናያጋራም በ1876 ዓ.ም. ማሪያ ስፔልቴሪኒ የተባለች ኢጣልያዊት ሸለቆውን በደኅና ስትሻገር፣ በ1887 ዓ.ም. ግን ስቲቨን ፒር የተባለው ካናዳዊ አንድ ጊዜ ከተሻገረ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ከገመዱ ሥር ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ብሎንዲንን ያዩ ሰዎች ሥራው ቀላል መስሎ ይታያቸው ነበር። ጥሩ ሠራተኛ ሁልጊዜ ሥራውን ቀላል ያስመስላል፤ የእርሱ ሥራ ግን ቀላል የመሰለው ሁሉ የሚቀበርበት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በአውሮፓ ከተሞች ሁሉ ዞረ። በ1873 ዓ.ም. በበርሚንግሃም የኤጅባስተንን የውሃ ግድብ በገመድ ተሻገረ። በ1874 ዓ.ም. ወደ አውስትራልያ ሲጓዝ፣ መርከቡ ከዔደን ወደብ ተነሥቶ ወደ ሴሎን ደሴት በሚያመራበት ጊዜ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ገመድ አስወጥሮ በላዩ ሄደ። መርከቡ በጕዞ ላይ ነበር። ማዕበል ሲመጣ አምስት ጊዜ ያህል ገመዱ ላይ ለመቀመጥ ተገዷል። መሬት ላይ የቆመ ገመድ ያልበቃው ሰው እንዲህ ሆኖ የሚሄድ ገመድ አገኘ።

ኑሮውን በለንደን አጠገብ ኢሊንግ በተባለ ሠፈር አደላድሎ፣ ቤቱንም ናያጋራ ሃውስ ብሎ ሰየመው። ለጥቂት ጊዜ ሥራውን ትቶ ነበር፤ ነገር ግን መቀመጥ አልሆነለትም። በ1880 ዓ.ም. እንደገና ወደ ገመዱ ተመለሰ። ሚስቱ ሻርሎት በ1888 ዓ.ም. ከሞተችበት በኋላ በ1895 ዓ.ም. ሌላ ሚስት አገባ። የመጨረሻ ጨዋታውን ያሳየው በ1896 ዓ.ም. በቤልፋስት ከተማ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 72 ዓመት ነበር። በሚከተለው ዓመት ፌብሩዋሪ 22 ቀን፣ የልደት ቀኑ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በናያጋራ ሃውስ በስኳር በሽታ ሞተ። ሕይወቱን ሁሉ የሰው ዓይን አሞቱን ሲጠብቅለት የኖረ ሰው፣ የሞተው አልጋው ላይ ነው። የተቀበረው በለንደን በኬንሳል ግሪን መካነ መቃብር ነው።

በኢሊንግ አካባቢ ዛሬም ብሎንዲን አቬኑና ናያጋራ አቬኑ የሚባሉ ጎዳናዎች አሉ። በበርሚንግሃም ግድብ አጠገብም በ1992 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞለታል። ስሙ ግን ሳይታሰብ ሌላ ቦታ ደግሞ ገብቷል፤ በዌልስና በስኮትላንድ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶች ላይ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ድንጋይ እያንጠለጠለ የሚያወጣውን የብረት ገመድ ሠራተኞቹ ብሎንዲን ብለው ይጠሩት ነበር።